በከፍታ መለኪያው መስታወት ውስጥ

ሉካንግ፣ ማርች 11 ቀን 1991

ለመምህርት ዌን ሱ-ቺን፣
ቺሻንግ

ሰላምዎ ይብዛ። በአደራ ደብዳቤ የላኳቸው ሁለት ፎቶዎች ትናንት ደርሰውኛል። የአንደኛው ጥግ ታጥፏል፤ ያጠፈው ፖስታ ቤቱ እንጂ እኔ አይደለሁምና እንዳይቀየሙኝ። ስለ አባትዎ ያጽናዎት።

የአውሮፕላን ሞዴል ሠሪዎች በሚያነቡት መጽሔት ላይ የአብራሪ ክፍል ፎቶ እያየ አውሮፕላኑን የሚለየው ሰው እኔው ነኝ። ግን ምሁር እንዳልመስልዎት። ከባሕር አምላኳ ከማዙ ቤተ መቅደስ ጀርባ ሰዓት የምጠግን ሽማግሌ ነኝ። በጦርነቱ ጊዜ፣ በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ከሌሎች የታይዋን ልጆች ጋር በመርከብ ተጭኜ ጃፓን አውሮፕላን ፋብሪካ ገባሁ። ሥራዬ የመለኪያ ሰሌዳ መግጠም ነበር። ሌላው አውሮፕላንን በክንፉና በጅራቱ ይለያል፤ እኔ ከውስጥ ካልሆነ አላውቀውም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ይህ የጃፓን ባሕር ኃይል ነው። የፍጥነት መለኪያው በባሕር ማይል ተከፍሏል፤ የምድር ጦሩ በኪሎ ሜትር ነበር የሚቆጥረው። ተዋጊ እንዳይሆን ደግሞ ለመትረየስ የተተወ ቦታ የለውም። ባለ ሦስት መቀመጫው የቅኝት አውሮፕላን ነው፤ «ባለ ቀለም ደመና» እንለው ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለው ክብ ጉድጓድ የሰዓት ቦታ ነው። አብራሪው በሕይወት ካረፈ ሰዓቱን ነቅሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ይሄኛው በእግሩ ወጥቷል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ከፎቶዎቹ ጀርባ ግን 1951 እና 1952 ይላል። ጦርነቱ ካለቀ ስድስት ዓመት፣ ሰባት ዓመት። የውጭው መስኮት በሐረግ ታንቋል፤ ዛፍ ሊውጠው ደርሷል። ውስጡ ተጠርጓል። የመለኪያዎቹ መስታወት በጨርቅ ተወልውሏል፤ የጨርቁ ዱካ ራሱ ይታያል። ሁለቴ ተነስቼ መብራቱን አቀረብኩት። ማን ነው የሚወለውለው?

የቀሩትን አራቱንም ይላኩልኝ። አባትዎ የት እንደተወለዱ ቢጽፉልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ኮ ሚንግ-ዩዋን
ሰዓት ጠጋኝ

*

ቺሻንግ፣ ማርች 19

የተከበሩ አቶ ኮ፣

ድካምዎን ይክፈልልኝ። ለጊዜው ሁለቱን ልኬያለሁ፤ የቀሩትን ሁለቱን ያልላክኋቸው ፎቶዎቹን ያገኘሁበት የአባቴ ሣጥን አጠገብ እናቴ ስለተቀመጠች ነው።

አባቴ ዌን ጂን-ሹ የተወለደው ዩሊ ነው፤ እኔም እዚያው ተወለድኩ። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ወደ ቺሻንግ መጣንና ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ከፈተ። እውነቱን ልንገርዎ፣ በዚህ ሸለቆ የእሱን ያህል መጥፎ ፎቶ አንሺ አልነበረም። ሙሽራ ሲያነሳ የሙሽራው ግማሽ ጆሮ ይቀራል፤ ቤቱ ይጋደላል። «ዌን ጋ ከምትነሳ ኩሬ ላይ ፊትህን እይ» ይሉት ነበር። ቢሆንም ይወዱት ነበር፤ ማንበብ ለማይችል ደብዳቤ ይጽፋል፣ ልጆቻቸውን ሒሳብ ያስጠናል። እነዚህ ፎቶዎች ግን ቀጥ ያሉና ጥርት ያሉ ናቸው። ለዚህ ነው የእሱ መሆናቸውን የተጠራጠርኩት።

እናቴን ጠየቅኳት። ሩዝ እየለቀመች ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ብረት።»

«የት ያለ ብረት?»

«ብረት ባለበት።»

«አባባ ነው ያነሳው?»

ሩዙን መልቀም አቆመች። «ሃያ ዓመት ልጆች አስተምረሽ ዝም ማለትን ሳትማሪ ቀረሽ?» አለችኝ። ማታ ሳየው ሣጥኑን በአያቶች መሠዊያ ላይ፣ የሟቹ አጎቴ የዩዋን-ሬን ስም ከተጻፈበት ጣውላ ጀርባ አስገብታዋለች። ዩዋን-ሬን የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ አስተማሪ ነበር፤ እኔ ጡት ሳልጥል ወንዝ የወሰደው።

ቀኖቹን አይተዋቸዋል? ሁሉም በመቃብር ጠረጋው በዓል ሰሞን ናቸው።

ዌን ሱ-ቺን

*

ሉካንግ፣ ኤፕሪል 2

መምህርት ዌን፣

ቀኖቹን አይቻቸዋለሁ። በየዓመቱ አንድ። አውሮፕላኑም ያው ነው፤ የከፍታ መለኪያው ጠርዝ ላይ ያለው ጭረት በአራቱም ላይ አለ።

በ1953ቱ ላይ የሰዓቱ ጉድጓድ ውስጥ የተቀረጸ እርሳስ ተሰክቷል። በ1954ቱ ላይ እርሳሱ አጥሯል። ወንበሩ ላይ የሣር ምንጣፍ ተነጥፏል፤ መሪው ዘንግ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተሰጥቷል። ይህንን እንደ አውሮፕላን ለይልኝ ካሉኝ አልችልም። ይሄ ቤት ነው።

ከዚያ የሰዓት ሥራ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ መስታወቶቹን አየሁ። እዚህ ላይ ላቁም።

ጨዋነት እንደጎደለው አይቁጠሩብኝ። አውሮፕላን እለያለሁ፤ ሰው አልለይም። ከአርባ ዓመት በፊት ለራሴ የገባሁት ቃል ነው፤ ምክንያቱን አይጠይቁኝ። አራቱንም መልሼ ልኬያለሁ። የቀሩትን አይላኩ። እናትዎ ሣጥኑን ያስቀመጡበት ቦታ ጥሩ ቦታ ነው።

ኮ

*

ቺሻንግ፣ ኤፕሪል 9

አቶ ኮ፣

ተቆጥቻለሁ፤ ስቆጣ ደግሞ በደንብ አልጽፍም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አጉሊ መነጽር ተውሼ እኔም አየሁ። የከፍታ መለኪያው መስታወት ውስጥ ካሜራ የያዘ እጅ አለ። ከእጁ በታች የተቀመጠ ሰው ፊት አለ። ወደ ካሜራው አይደለም የሚያየው፤ በመስታወቱ በኩል ወደኔ ነው የሚያየው። መነጽሩን ሳነሳው የለም፣ ሳወርደው አለ። አሥር ጊዜ አነሳሁ አወረድኩ። ከዚያ ወዲህ በኩሽናችን የግድግዳ ሰዓት መስታወት ፊት ለፊት ማለፍ አልወድም።

ዓርብ ዕለት ለበዓሉ የአባቴን መቃብር ጠረግን። አዲስ ስለሆነ ሣር አላበቀለም። እናቴ የዕጣን ዘንጎቹን ይዛ ጎንበስ አለችና፣ «ዩዋን-ሬን፣ እግርህን እንዳይበርድህ» አለች። በአጎቴ ስም! «እማ፣ ይሄ የአባባ መቃብር ነው» አልኳት። «የማን እንደሆነ ለኔ ትነግሪኛለሽ?» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እርጅና ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አልጽናናሁም።

እናቴ ለገበያ ስትወጣ የቀሩትን ሁለቱን ወስጄ፣ ከመለሱልኝ ከአራቱ ጋር፣ ልኬያለሁ። የእኔ ዓይን ፊት እንዳለ ያያል፣ ምን እንደሚል ግን አያይም። የእርስዎ ያያል። ሰው አልለይም ቢሉም፣ ያ ሰው እኮ መታየት ፈልጎ ነው እዚያ የተቀመጠው።

ሱ-ቺን

*

ሉካንግ፣ ሜይ 27

ልጄ ሱ-ቺን፣

ሰባት ሳምንት ዝም ብያለሁ፤ ሦስቱንም ፖስታ ካርድሽን አግኝቻለሁ። አልታመምኩም። ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ከእንግዲህ አንቺ ልበልሽ፤ የምነግርሽ ነገር «እርስዎ» እየተባለ የሚነገር አይደለም።

በ1952 ሁለት የመንግሥት ሰዎች ሱቄ መጡ። አንድ ፎቶ አወጡ፤ የፋብሪካ ልጆች በረዶ ላይ ተሰልፈን። ጣታቸውን አንዱ ላይ አሳርፈው «ይሄ ማን ይባላል?» አሉኝ። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት የለበስነው ልጅ ነበር። ስሙን ነገርኳቸው። ስሙን ብቻ። አልመቱኝም፣ አልጮኹብኝም፤ ያቀረብኩላቸውን ሻይ ጠጥተው አመስግነው ሄዱ። እሱ አልተመለሰም።

ባለፈው ሳምንት ጋዜጣው፣ በአመፅ ስም ሰው የሚያስረሽነው ያ የድሮ ሕግ ተሻረ ብሎ ጻፈ። ሦስቴ አነበብኩት። ቢሻርም ይህን የምጽፈው የሱቁን በር ቆልፌ ነው። እንግዲህ ያየሁትን ልንገርሽ።

በመጀመሪያዎቹ አምስት ፎቶዎች ላይ የተቀመጠው ሰው አንድ ነው። በ1951 ጺም የለውም፣ የአስተማሪ ሸሚዝ ለብሷል። በ1953 ጉንጩ ጎድጉዷል። በ1955 ሽማግሌ ይመስላል፤ ሠላሳ አምስት እንኳ አይሞላውም ይሆናል። በአምስቱም መስታወት ውስጥ እያየኝ ያረጃል፤ ማታ ሱቅ ስዘጋ ከኋላዬ ያለ ይመስለኛል። ካሜራውን የያዘው እጅም አንድ ነው። የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ከመሀል አንጓው ላይ ተቆርጧል። የድሮ ቁስል ነው፣ ድኗል።

ስለ ስድስተኛው ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር መልሺልኝ። የአባትሽ የቀኝ እጅ ጣቶች ሙሉ ነበሩ?

ኮ ሚንግ-ዩዋን

*

ቺሻንግ፣ ጁን 3

አጎቴ ኮ፣

አሥሩም ሙሉ ነበሩ። አስከሬኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ በጥፍሮቹ ሥር ሳይቀር አጥቤአለሁ።

ምን ማለትዎ ነው?

*

ሉካንግ፣ ጁን 9

ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ሰው ባለበት አንብቢው፤ ጎረቤትም ይሁን።

ስድስተኛው፣ የ1956ቱ፣ ጠማማ ነው። ሰሌዳው ወደ ቀኝ ወድቋል፤ ግማሹ የፍጥነት መለኪያ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። ካሜራውን የያዘው እጅ አምስት ሙሉ ጣቶች አሉት።

የተቀመጠው ሰው አዲስ ሰው ነው። እጁን ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አሳርፏል፤ ሌባ ጣቱ አጭር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ካሜራ የያዘው እሱ ነው ማለት ነው። ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ፤ አጭሩ ጣት ባይኖር እኔም አልለይም ነበር። ከንፈሩ ላይ መሐረብ ይዟል፤ መሐረቡ ላይ ጥቁር ነገር አለ።

ሌላም ሰው አለ። ጭኑ ላይ የተቀመጠች፣ ሁለት ጉንጉን ያላት ትንሽ ልጅ። ጥርሷ ወልቋል፤ እየሳቀች ነው።

ስድስቱንም ፎቶ ከዚህ ጋር መልሻለሁ፤ ከዚህ በላይ መስታወቱ አይናገርም። እናትሽ ትናገር። ግን በቁጣ አትጠይቂያት፤ ሻይ አፍልተሽ፣ በር ዘግተሽ፣ ቀስ ብለሽ።

ኮ

*

ቺሻንግ፣ ጁላይ 21

አጎቴ ኮ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሻይ አፈላሁ፣ በር ዘጋሁ፤ ነገር ግን አፌ የተከፈተው ትናንት ነው። ፎቶውን ፊቷ አስቀመጥኩ።

«ይቺ ልጅ ማን ናት?»

ሳታየው፣ «አንቺ ነሽ» አለች። «ንዳድ ታመሽ ነበር ያልኩሽ ጊዜ። አውሮፕላን ውስጥ ገባሁ እያልሽ ስታስቸግሪ፣ ቃዥተሽ ነው ስንልሽ ሰነበትን። ጥሩ ልጅ ስለነበርሽ አመንሽን።»

ከዚያ ዓይኗን ሩቅ አድርጋ ሁሉንም ተናገረች፤ እንደተናገረችው እጽፍልዎታለሁ።

«ዩዋን-ሬንን ወንዝ አልወሰደውም። ጫማውን ወንዝ ዳር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የተከለከለ መጽሐፍ አብረውት የሚያነቡት ሁለቱ አስተማሪዎች ከተያዙ በኋላ ነው። ባሌ እሱ ነበር። አንቺን የወለድኩት ከእሱ ነው። የሃይሱል አባት፣ ያ ቡኑን ከሚባሉት የተራራ ሰዎች የሆነው አዳኝ፣ ተራራ ላይ ወስዶ ከዚያ ብረት ውስጥ ደበቀው። ታናሹ ጂን-ሹ ደግሞ እኛን እንዳያስጨንቁን ብሎ በወረቀት አገባኝ። በመጋረጃ ተለያይተን ነው አምስት ዓመት የተኛነው፤ ሰው አያምንም።»

«ፎቶዎቹስ?»

«እኔ ነኝ የለመንኩት። በሕይወት መኖሩን በምን ልወቅ? ፊቱን ይዞ መውረድ ሞት ነው። የተሰባበረ ብረት ፎቶ ግን ማን ምን ይለዋል? ጂን-ሹ ዩሊ ይሠራበት በነበረው ፎቶ ቤት መነጽር ዓመት እስኪደርስ አየው ነበር።»

«ከዚያስ እማ?»

«ከዚያማ ጂን-ሹ ደም ማሳል ጀመረ። ሐኪሙ መከርን አያይም አለ። በበዓሉ አንቺን ይዞ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩ። እዚያ ወንድሙን ምን አለው መሰለሽ? ‹እኔ እንደሆነ ልሞት ነው፤ ስሜ ለምን አብሮኝ ይሞታል? ውሰደው።› አባትሽ ሦስት ቀን እምቢ አለ። ተጣሉ፤ በድንጋይ ሊፈነካከቱ ደረሱ። በአራተኛው ቀን ጂን-ሹ ኮቱን አውልቆ አለበሰው። አንድ ከሰዓት ካሜራ አያያዝ አሳየው፤ ያው እንደምታውቂው አልገባውም። አባትሽ በወንድሙ መታወቂያ ወረደ። ዩሊ ላይ የጂን-ሹን አጭር ጣት የሚያውቅ ሰው ስለነበረ በዚያው ሌሊት ወደዚህ መጣን።»

አጎቴ፣ ሌላው ሁሉ ይቅርና ይህን ያስቡልኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አባቴ ከጎኔ ቆሞ፣ ዕጣን ለኩሶ፣ በገዛ ስሙ ፊት ሲሰግድ ኖሯል። እኔም አብሬው «አጎቴ ሆይ» እያልኩ። አሁን ያንን ጣውላ ማየት አልቻልኩም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ፤ ባዞረውም ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው ይመስለኛል።

ከሁሉ ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያሳደገኝ አባቴ አባቴው ነው፤ መልካም። ያ ሌላው፣ ከመጀመሪያ እስከ ስድስት ዓመቴ ያዘለኝ፣ ስሙን የሰጠን ሰው ግን ፊቱ ጠፍቶብኛል። ጭኑ ላይ ተቀምጬ እየሳቅኩ ነው፤ አንዲት ነገር አላስታውስም።

እናቴ ልትወጣ ነው። «በስልሳ ዘጠኝ ዓመትሽ?» ብላት «ሳልሞት ነው እንጂ ስሞትማ ምን ያቅተኛል» አለች። ይምጡና አብረን እንውጣ። የሚያየው የእርስዎ ዓይን ነው።

ሱ-ቺን

*

ሉካንግ፣ ኦገስት 4

ልጄ፣

ጉልበቴ ደረጃ እንኳ እምቢ ብሏል፤ ተራራ ስትይ ሳቀብሽ። እኔን አትጠብቂ። ስትገቢ የግራውን ክንፍ ረግጠሽ ይሁን፤ የቀኙ ከበሰበሰ ይሰምጣል። ዝናብ ካለ አትግቢ።

ለጥሪሽ ግን በሌላ መንገድ መልሻለሁ። ማክሰኞ በአውቶቡስ ታይቹንግ ሄጄ የዚያን ብርድ ልብስ የተካፈልነውን ልጅ እህት ፈልጌ አገኘኋት። ኑድል ትሸጣለች። በሩ ላይ ቆሜ ስሜን፣ ከዚያም ያደረግኩትን ነገርኳት። ምን እንዳለችኝ አልጽፍልሽም፤ የእሷ ነው። አላባረረችኝም። ስመለስ አውቶቡሱ መስኮት ላይ የራሴን ፊት አየሁ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

እናትሽን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ።

ኮ

*

ቺሻንግ፣ ኖቬምበር 5

አጎቴ ኮ፣

በሰላም ወርደናል። በመጀመሪያ ይህን ይስሙልኝ፤ ከመውጣታችን በፊት የአባቴን የመቃብር ድንጋይ አስቀየርን። ድንጋይ ቀራጩ ደብተሩን አገላብጦ፣ «እማማ፣ ሟቹ ስማቸውን ቀየሩ እንዴ?» አላት። እናቴ፣ «መለሰ እንጂ አልቀየረም» አለችው። ሰውየው ጨርሶ አልገባውም፤ ግን ቀረጸው። ዌን ዩዋን-ሬን፣ አስተማሪ።

መንገዱን የመራን የአዳኙ ልጅ ሃይሱል ነው፤ አሁን ጸጉሩ ሸብቷል። የወንድሙ ልጅ እናቴን በእንጨት ወንበር ላይ አስቀምጦ በጀርባው አዘላት። ሁለት ቀን ሙሉ ስትሰድበው ሄደች። «ቀስ በል፣ ሩዝ የጫንክ መሰለህ?» ትለዋለች። «ሩዝማ ዝም ይላል» ይላታል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ጉሙ ወረደ። ጫካው ውስጥ ወፍ እንኳ አልነበረም። ሃይሱል ቆመና በአገጩ አሳየን። እኔ ዛፍ ነው ያየሁት። ከዚያ ዛፉ መስኮት አወጣ።

በግራው ክንፍ ገባሁ። ከሰሌዳው የቀረው ጥቂት ነው፤ ብዙው ጉድጓድ ነው፤ የከፍታ መለኪያው ግን አለ። ጎንበስ ብዬ መስታወቱን አየሁ። ጉሙና የኔ ፊት ነበር። ከኋላዬ ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝና ዞርኩ፤ ሰው የለም። ስዞር ግን፣ አያምኑኝ ይሆናል፣ ሽታ መጣብኝ፤ የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒትና የሳል ከረሜላ ሽታ። ከዚያ ፊቱ መጣልኝ። ሙሉ ፊቱ አይደለም፤ አፉ ብቻ፣ «ጥርስሽን ማን ሰረቀሽ?» እያለ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የተቀበረው ከክንፉ ሥር ነው። የሃይሱል አባት ድንጋይ ከምሮበታል። በዚያው ዓመት በጁላይ ሙቀት እንደሞተ፣ ብቻውን እንዳልነበረም ሃይሱል ነገረን። «ልጅ ነበርኩ፤ ዘፈን አስተማረኝ። መጥፎ ድምፅ ነበረው» አለ።

እናቴ አትርዱኝ አለች፤ ራሷ ወርዳ፣ በጉልበቷ ድንጋዩ አጠገብ ሄደች። ከጉያዋ ያንን አሮጌ መታወቂያ አወጣች። «ጂን-ሹ» አለች፤ ሰው እንደምትጣራ ጮክ ብላ፣ ሦስት ጊዜ። «ጂን-ሹ፣ ስምህን መልሼልሃለሁ። በደንብ ነው የያዝነው፤ አላቆሸሽነውም።» ከድንጋዮቹ መሀል አስገብታ ዕጣን ለኮሰች። ነፋስ አልነበረም፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

አጥንቱን ይዘን ለመውረድ ማሰሮ ይዘን ነበር። እናቴ ከቤተ መቅደስ የተዋሰቻቸውን፣ ሟች የሚጠየቅባቸውን ሁለት የግማሽ ጨረቃ እንጨቶች አወጣችና ጠየቀችው። «አብረኸን ትወርዳለህ?» ብላ ጣለች። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ቢወድቅ እሺ ማለት ነው። ሁለቱም በሆዳቸው ተደፉ። እምቢ። ደግማ ጣለች፤ እምቢ። ሦስተኛም ወረወረች፤ እንደገና እምቢ።

«እማ፣ ተይው» አልኳት። «ግትር» አለች ድንጋዩን እያየች፤ «ድሮም ግትር ነው።»

እንጨቶቹን ከጭቃ አንስታ በቀሚሷ ጠረገቻቸው። ይህን ጊዜ ጮክ አላለችም፤ እኔም የሰማሁት አጠገቧ ስለነበርኩ ነው።

«ጂን-ሹ፣ ወንድምህ እዚህ ነው ያለው?»

ጣለች። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው። አንስታ ደገመች፤ አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው። ሦስተኛውን እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሰማሁት፤ ሃይሱል በቋንቋው አንድ ነገር ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ዓይኔን ስገልጥ ያው ነበር።

እናቴን አየኋት። ትፈራለች ብዬ ነበር። ጸጉሯን ከግንባሯ መለሰች፣ ማሰሮውን ባዶውን አቀፈች፣ እጇን ሰጠችኝና ተነሳች።

«እንግዲያው እንውረድ» አለች። «ሁለቱ ይጨዋወቱ።»

ሱ-ቺን